አንድ በቅሎ በአምስት ጭነት ገብስ

ጋሽ ይማም ባለፈው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መካነ ሰላም በሚገኘው ቤታቸው ደጃፍ ዐርፈዋል። በማግሥቱ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ቀብራቸው ተፈጽሟል። በከላላም በአቀስታም፣ ከዚያም ርቃችሁ ያላችሁ ወዳጆቻቸው ወሬው ሳይደርሳችሁ አይቀርም። ልጃቸው በስልክ «ወንበር ላይ እንደ ተቀመጡ ነው ያለፉት» ስትለኝ፣ ከአፌ የወጣው የመጀመሪያው ቃል «ተቀምጠው?» የሚል ነበር። አላህ ይየኝ፣ ከመሞታቸው ይልቅ መቀመጣቸው ነው ያላመንኩት። ሻይ እንኳ ቆመው የሚጠጡ፣ ለቅሶ ቤት ከመቀመጥ የድንኳኑን ገመድ እየዞሩ ማጥበቅ የሚመርጡ ሰው ነበሩ።

ለማታውቋቸው ልጆቻችን ደግሞ ልንገራችሁ። ጋሽ ይማም ጨውና እህል በበቅሎ እየጫኑ በመካነ ሰላምና በአቀስታ መካከል የሚመላለሱ ነጋዴ ነበሩ። ጭነት ሲያስሩ አይቼ አልጠግብም ነበር። አስረው፣ ዞረው አይተው፣ ፈትተው እንደገና ያስራሉ። ባልንጀሮቻቸው ፀሐይ ወጣችብን እያሉ ሲነጫነጩ «ያዘመመ ጭነት በቅሎዋን ሳይሆን እኔን ነው የሚልጠኝ» ይሏቸዋል። መንገድ የጠየቃቸውን ሰው በእጃቸው ጠቁመው አይለቁም፤ ሥራቸውን ጥለው ይሸኙታል። «ጣት መንገድ አያደርስም» ይሉ ነበር።

እኔና እናቴ የተዋወቅናቸውም መንገድ ላይ ነው። በዚያ በክፉው ቀን ከምሥራቁ ቆላ ተሰደን ስንመጣ እናቴ ከከተማው ሳንደርስ ወደቀች። አንድ ቀጭን ሰው በቅሎ እየሳበ መጣና ምንም ሳይጠይቅ አንሥቶ ጫናት። ሌሎቹ በቅሎዎቻቸው አልቀው የቀረቻቸው ይቺ ዳማ ብቻ መሆኗን በኋላ ሰማሁ። ጠዋት ማታ መንገዱን እየተመላለሱ የወደቀ ሰው ያነሡባታል። የምንጠለለው በገበያው ዳስ ውስጥ ነበር። ጋሽ ይማም ከክርስቲያኑም ከእስላሙም ቤት እየለመኑ የምንበላውን ያመጣሉ። አንድ ሳምንት ግን ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። የከተማው ሰው የሚሰጠው አልቆበት ነበር። በዚያ ሳምንት እናቴ ራሷን ችላ መቀመጥ አቃታት።

ገብስ የነበራቸው አቶ ሞላ የሚባሉ ነጋዴ ነበሩ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የፈሩ ሰው ነበሩ። ሬዲዮኑ ዛሬ ይህ ባለሥልጣን ወረደ፣ ነገ ያኛው ታሰረ ሲል ይውላል፤ ሰው በየሱቁ በር ቆሞ ይንሾካሾካል፤ ነገ ምን እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም። እሳቸውም ጎተራቸውን ዘግተው ቁልፉን በኪሳቸው ሲያቅለጨልጩ ይውሉ ነበር። ጋሽ ይማም ሄደው ቢለምኗቸው እንደ ቀልድ አድርገው መለሱላቸው። ከደሴ ለጥበቃ ከመጡት ወታደሮች መካከል ቦክሰኛ የሆነ አንድ አሥር አለቃ ነበር። አሸዋ የሞላ ከረጢት ዛፍ ላይ ሰቅሎ ሲደበድብ ይውላል። አቶ ሞላ፣ «ይህን አሥር አለቃ ከረጢት ሰልችቶታል፤ ግጠመው። ካሸነፍከው ሁለት ጭነት ገብስ ያንተ ነው። ከተረታህስ ምን ታስይዛለህ?» አሏቸው።

«ዳማዋን» አሉ ጋሽ ይማም።

እውነት ነው፣ በወጣትነታቸው በትግል የታወቁ ነበሩ። አሁን ግን ያገኙትን ለእኛ እያመጡ ራሳቸው ሳይበሉ የከረሙ ሰው ናቸው። በቅሎዋ ከተወሰደች መተዳደሪያቸው ሄደ፤ መንገድ ላይ የወደቀውንም የሚያነሣ የለም። በዳሱ ያለን ሁሉ ይህን እናውቅ ነበር።

ቅዳሜ ገበያው ተፈትቶ ሰው ሁሉ ሜዳው ላይ ወጣ። አሥር አለቃው ጓንቱን አጥልቆ፣ በእግሩ ጣቶች እየዘለለ መጣ። ለጋሽ ይማምም ጓንት ሲሰጧቸው «እጄን ከረጢት ውስጥ ከትቼ በምኔ ልይዘው?» ብለው መለሱ። ከዚያ ሸሚዛቸውን አወለቁ። የጎድን አጥንታቸው ሲታይ አቶ ሞላ ሳቁና፣ እንዲህስ ከሆነ ሁለት ጭነት ማለት ነውር ነው፣ አምስት አድርጌዋለሁ አሉ። አንድ በቅሎ በአምስት ጭነት! ውርርዱ በየአፉ ከፍ ባለ ቁጥር ለጋሽ ይማም የሚወራረድ ጠፋ። ቀደም ብሎ ዶሮ ያስያዘላቸው አንድ ሸማኔ እንኳ «ዶሮዬን መልሱልኝ፤ እኔ የተወራረድኩት ሸሚዝ ለለበሰው ይማም ነው» ብሎ ሕዝቡን አሳቀው።

ሼህ እንድሪስ፣ የከተማው ትልቅ ሰው፣ ቁማር ሐራም ነው ብለው ጀርባቸውን ለሜዳው ሰጡ። አልሄዱም ግን። ጀርባቸውን እንደ ሰጡ ቆመው አጠገባቸው ያለውን «አሁንስ ምን ሆነ?» እያሉ ይጠይቁ ነበር።

የሆነውማ ድብደባ ነው። አሥር አለቃው ይመታና ይሸሻል፣ ይመታና ይሸሻል። ጋሽ ይማም እጃቸውን ዘርግተው ይከተሉታል፤ የሚጨብጡት ነፋስ ነው። አፍንጫቸው ደማ። ሁለት ጊዜ ተንበረከኩ፤ ሁለት ጊዜ ተነሡ። እኔ ማየት አቅቶኝ ወደ ዳሱ ሮጥኩ፤ እዚያም መቆየት አቅቶኝ ተመለስኩ። ስመለስ አሥር አለቃው በጣም ተጠግቶ ነበር። ጋሽ ይማም ወገቡን አገኙት። እንዴት እንዳነሡት አላየሁም፤ ሲወድቅ ግን አየሁ። በጀርባው ተዘረረ።

በአገራችን ትግል ጀርባው መሬት የነካ ተሸንፏል። አሸናፊው እጁን ይዘረጋል፣ የወደቀውም እጁን ተቀብሎ ይነሣል። መቀበሉ ተረትቻለሁ ማለቱ ነው። አሸናፊው አቧራውን ያራግፍለታል፣ ቂም የለም። ጋሽ ይማምም እንደ ልማዳቸው እጃቸውን ዘረጉ። አሥር አለቃው ጓንት ያጠለቀ እጁን ሰጣቸውና ተነሣ። እሳቸው ጎንበስ ብለው የጀርባውን አቧራ ማራገፍ ጀመሩ። እሱ ግን ይህን ልማድ ከየት ያውቀዋል? ዞረና ጆሮ ግንዳቸውን መታቸው። ወደቁ። አንዱ ወታደር እስከ አሥር ቆጠረ፤ አልተነሡም።

አቶ ሞላ ወደ ዳማዋ ሄደው ገመዷን ያዙ። ከዚያ የተነሣው ጫጫታ! ግማሹ ቦክስ ነው ይላል፣ ግማሹ ትግል ነው ይላል፤ ወታደሮቹ ጠመንጃቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። ያን ጊዜ ሼህ እንድሪስ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሕዝቡ ዞሩ። ቁማር አልዳኝም፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ አሉ።

«ሞላ፣ ልጅ ሳለህ እዚሁ ሜዳ ላይ ትታገል ነበር። እጅ ተቀብሎ የተነሣ ሰው ምን ይባላል?»

አቶ ሞላ ቦክስ ነው ቢሉ ማን ይከራከራቸው ነበር? ጠመንጃው ከእሳቸው ጋር ነው። አቶ ሞላ ገመዱን በእጃቸው ጠቅልለው ፈቱት፣ ደግመው ጠቅልለው ፈቱት።

«የተረታ ይባላል» አሉና ገመዱን ለቀቁ።

ሼሁም የውርርድ እህል ይማም ቤት አይገባም፣ ለዳሱ ሰው ሰደቃ ይሁን አሉ። ጋሽ ይማም ነቅተው ሲነገራቸው «አብሽሩ፤ እኔስ ለማን ብዬ ተመታሁ?» አሉ። ያን ማታ አምስቱ ጭነት ዳሱ ውስጥ ተራገፈ። እናቴ ቀጭን የገብስ አጥሚት በጣቴ እየነካሁ ሳቀምሳት ከንፈሯን ላሰች።

እዚህ ላይ ባበቃ ጥሩ ነበር። ጋሽ ይማም ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ዕረፍት አጡ። አሥር አለቃው ልማዱን ሲያስረዱት ፊቱ ተለዋውጦ «አላወቅኩም ነበር» ብሎ ነበር። ወታደሮቹ ወዲያው ወደ ደሴ ተጠሩ፣ አብዮቱም መጣ። «ሰውየው እጄን ሲቀበል ትርጉሙን አያውቅም። ያላወቀን ሰው መርታት መርታት ነው ወይ?» ይሉኝ ነበር። አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ ሊሉት ደሴ ድረስ ሄደው በየካምፑ በር ጠየቁ። የት እንደ ገባ የሚያውቅ አላገኙም።

ቀበሌው አቶ ሞላን እህል ደባቂ ብሎ በስብሰባ ፊት ባቆማቸው ጊዜም መጀመሪያ የተጠራው ምስክር ጋሽ ይማም ነበሩ። ሊከሷቸው ነው ብሎ ሁሉ ጠበቀ። እሳቸው ብድግ ብለው «ሞላ መዋሸት ሲችል እውነት ተናግሮ ከፍሏል። የከፈለን ሰው ባለዕዳ አልለውም» አሉ። ብዙ ሰው ተቆጣቸው፤ እሳቸውም ሳምንት ታሰሩ። አቶ ሞላ ግን በነፃ ወደ ቤታቸው ገቡ።

ጋሽ ይማም፣ እንግዲህ ደኅና ይሁኑ። በጎበኘሁዎ ቁጥር «አንቺ እዚያው ነበርሽ፤ ማን ነው ያሸነፈው?» ይሉኝ ነበር። እኔም እየሳቅሁ ወሬ አስለውጥዎ ነበር። ዛሬም አላውቅም። አሥር አለቃው አሸንፎም ይሆናል። እናቴ ግን ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ኖራለች፣ ድሬኛለች፣ የልጆቼን ልደት አይታለች። የገብሱን ነገር ለሚጠይቅዎ ጌታ ይህን ይንገሩት፤ የቀረውን እሱ ይፍረድ። እርስዎ ዐረፍ ይበሉ።