አጥንት ነው ያልነው

ጡረታ የወጣሁ ሰሞን ወዳጆቼ ሁሉ «ቤት አትቀመጥ፤ ቤት የተቀመጠ ጡረተኛ ቶሎ ያረጃል» ይሉኝ ነበር። እኔ የመቀመጥ ሐሳቡም አልነበረኝም። ዕድሜዬን በሙሉ የመንግሥት መሬት ቀያሽ ሆኜ አገሩን ዞሬዋለሁ። አስተማሪዋ ሚስቴ ግን ያየችው ከገርጂ ቤታችን እስከ ትምህርት ቤቷ ያለውን መንገድ ነው። ከመስክ ስመለስ በር ላይ ጫማዬን እያስወለቀች «ደግሞ ዛሬ የየት አገር አፈር ነው ያመጣህልኝ?» ትለኝ ነበር። እሷ ከእኔ ቀድማ ጡረታ ወጥታ ስለነበር፣ አንድ ማለዳ የመኪናውን ቁልፍ አንሥቼ «ተነሺ፣ አፈሩን ራስሽ ሄደሽ እዪው» አልኳት።

መንገዱን እንዲህ ጀመርነው። የኢምፔሪያል አደባባይ ሳይጨናነቅ እንወጣና በጎሮ በኩል ቱሉ ዲምቱ፣ ከዚያ ፈጣኑን መንገድ ይዘን ወደ ዝዋይ። ትንሿ መኪናችን ከሞጆ በኋላ ሙቀት ሲመታት ታቃስታለች፤ ሚስቴ ዳሽቦርዱን መታ መታ እያደረገች «አይዞሽ» ትላታለች። ዓሣ ማጥመድ የተማርኩት በመስክ ሥራ ነው። መጀመሪያ ላይ እሷ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብላ ታየኝ ነበር። በኋላ ሰልችቷት ወጣችና መንጠቆውን ከእጄ ተቀበለችኝ። ከዚያ ወዲያ አልመለሰችልኝም። እጇ ለጉድ ነበር። እኔ ትል እየቀየርኩ ፀሐይ ሲያነደኝ፣ እሷ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ጎትታ እያወጣች እንደ ኮረዳ ትጮኻለች።

ምግብ ማብሰሉን ደግሞ እኔ ያዝኩት። ድንኳን ውስጥ የተማርኩት ሙያ ነበረኝ፤ ጉላሽ፣ ጥብስ፣ የቲማቲም ስልስ። እሷ ሠላሳ ምናምን ዓመት ያዘዘችበትን ወጥ ቤት በቀላሉ አልለቀቀችም፤ በር ላይ ቆማ «ቅመሙን እንደ ዘር አትበትነው!» ትለኛለች። አንድ ጊዜ ከድሮ ባልደረባዬ ጋር ፈቃድ አውጥተን አደን ወጥተን ጅግራ ይዤ ገባሁ። «የእግዜርን ወፍ ገድለህ መጣህ?» ብላ ፊቷን አዞረችብኝ። ወጡ ሲደርስ ግን እግሩን ቀድማ ያነሣችው እሷ ናት።

ነገሩ የጀመረበት ቀን እሑድ ነበር። ሐይቁ ዳር ከአንድ ግራር ሥር፣ ያጠመደችውን ቆሮሶ በከሰል ምድጃችን ላይ ጠብሼ ሰጠኋት። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ራቅ ብለው እንደ ሽማግሌ ቆመው የምንጥለውን ይጠብቃሉ። አንድ ሁለቴ እንደጎረሰች ድንገት ቆም አለች። እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

«ምነው?»

«አጥንት።»

ዳቦ ሰጠኋት፤ ሳታላምጥ ዋጠችው። እየሮጥኩ ሄጄ ሙዝ ገዝቼ መጣሁ። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ትንሽ ቆይታ «አለፈ መሰለኝ» አለችኝ። መንገዱን ስንመለስ ግን እጇ ከደረቷ አልተነሣም።

አላለፈም። ቤት ከገባን በኋላ እያንዳንዱን ጉርሻ በውኃ ማወራረድ ጀመረች። «እዚህ ጋ ቆሟል» እያለች ከጡቶቿ መሐል በጣቷ ታሳየኛለች። ሃያ ሁለት አካባቢ አንድ ክሊኒክ ወሰድኳት፤ ራጅ አነሷት፤ «አጥንት አይታይም፣ ጨጓራ ይሆናል» ብለው መድኃኒት ሰጧት። እኛ ግን አጥንቱን አመንን። ጎረቤት ሁሉ አጥንት ቆሞበት የዳነ ዘመድ ነበረው። አንዷ ቅቤ አንጥራ ታመጣለች፤ አንዷ ጠበል። ዓሣ እቤታችን እንዳይገባ ከለከልኩ። እንጀራ አልወርድ ሲላት ፍርፍር አለሰለስኩላት፤ ፍርፍሩም እንቢ ሲል ሾርባ።

አንድ ቅዳሜ ቦሌ ለሚ አካባቢ የምትሠራው ልጃችን መጣች። እናቷን አቅፋ ስማ ወደ እኔ ወደ ወጥ ቤት ገባች። በሩን ዘጋችው።

«አባዬ፣ እማዬ በእጄ ውስጥ አለቀች እኮ። አላየሃትም?»

«በየቀኑ ነው የማያት።»

«ለዚያ ነዋ ያላየኸው።»

በሚቀጥለው ሰኞ ትልቅ ሆስፒታል ወሰድናት፤ በካሜራ ውስጧን አዩት። ሐኪሟ ልጅ እግር ሴት ናት። ሚስቴ ከማደንዘዣው ሳትነቃ እኔን ብቻ ለይታ ጠራችኝ።

«አባቴ፣ ይቀመጡ።»

«አጥንቱን አገኛችሁት?»

«አጥንት የለም፣ አባቴ። የምግብ መውረጃዋ ላይ ዕጢ አለ። ቆይቷል።»

«ዓሣ ከበላች ወዲህ ነው?»

«አይደለም። ከዚያ በፊት ብዙ ቆይቷል። ያን ቀን መንገዱ ጠቦ ምግቡን ያዘው እንጂ ዓሣው ምንም አላደረጋት።»

ከእኔ ጥብስ አለመሆኑን ስሰማ ደስ ይለኛል ብሎ ሰው ያስብ ይሆናል። ደስ አላለኝም። አጥንት ቢሆን ኖሮ ይወጣ ነበር። ይኼን ግን ማውጣት አይቻልም፤ ለቀዶ ጥገና ጊዜው አልፏል አሉኝ። ፈሳሽ የሚያሳልፍ ቱቦ እናስገባላታለን፣ ከዚያ በላይ ተስፋ አንሰጥዎትም አሉኝ።

እንደ አገራችን ልማድ ከልጃችን ጋር ተማክረን ላንነግራት ተስማማን። ወደ ቤት ስንመለስ ሚስቴ መኪናው ውስጥ ከጎኔ ተቀምጣ ነበር።

«እና፣ አጥንት ነው አሉህ?»

«አዎ። ትንሽ ቁስል ትቷል አሉ።»

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ሰው ታክሲ ለመያዝ ይጋፋል፤ ሕንፃ የሚሠሩት ፌሮ ያወርዳሉ።

«አንተ ውሸት አትችልበትም» አለችኝ። «ትችል ቢሆን ኖሮማ ያን ሁሉ ዘመን መስክ ስትወጣ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር።»

ከዚያ በኋላ ስለ በሽታው አልተነጋገርንም። ቱቦው ገባላት፤ የእኔም ሥራ ማጥለል ሆነ። ምስሩን እቀቅላለሁ፣ እፈጫለሁ፣ በወንፊት አጠልላለሁ። ዱባ፣ አጃ፣ ተልባ፤ ሁሉም ውኃ እስኪመስል ድረስ። የዶሮ መረቅ ብቻ ነበር ትንሽ ቀለም የሚመልስላት። ዐቢይ ጾም ገባና እሱንም አልጠጣም አለች። የንስሐ አባታችንን ለምኜ አመጣኋቸው።

«ልጄ፣ ሕመምተኛ አይጾምም። እኔ ፈትቼሻለሁ፣ ጠጪ» አሏት።

«አባ፣ ሌላ የምሰጠው የለኝም» አለቻቸው። ድምፅዋ የሚሰማው ጠጋ ሲሉ ነበር። እሳቸውም መስቀላቸውን አሳልመዋት ወጡ። በር ድረስ ስሸኛቸው «አታስገድዳት» አሉኝ። እኔ ግን ተናድጄ ነበር፤ በማን እንደሆነ አላውቅም። መረቁን ማጠቢያው ውስጥ ደፋሁት።

ከፋሲካ በኋላ ዝዋይ ውሰደኝ አለችኝ። ልጃችን እንባ ቀረሽ ሆነች።

«እማዬ፣ መንገድ ላይ አንድ ነገር ብትሆኚስ?»

«እዚህስ ብሆን?»

ወሰድኳት። ከፊት ወንበር ትራስ ደግፌላት፣ ጋቢ አልብሻት፣ ቀስ እያልኩ ነዳሁ። ሐይቁ ዳር መኪናዋን ወደ ውኃው አዙሬ በሩን ከፈትኩላት። መንጠቆውን ስሰጣት «ከበደኝ፣ አንተ ያዘው» አለች። ያን ቀን የእኔ ዕድል ሆነና ጥሩ ቆሮሶ ወጣልኝ። እንደማይጠቅመን አውቄ ወደ ውኃው ልመልሰው ስል ጠራችኝ።

«ጥበሰው።»

«ለማን?»

«ለአንተ ነዋ። ስትበላ ልይህ።»

ከሰሉን አቀጣጠልኩ። ዓሣውን ሰነጣጥቄ፣ ጨውና ሚጥሚጣ ነስንሼ ጠበስኩት። እፊቷ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያውን ቁራሽ አፌ ውስጥ ከትቼ መዋጥ አቃተኝ። እሷ ዓይኗን ከአፌ ላይ አላነሣችም።

«ብላ እንጂ» አለችኝ። «ቀስ ብለህ። አጥንቱን እያየህ።»

ፈገግ ያለች መሰለኝ። ጉንጯ ገብቶ ስለነበር ፈገግታና ሕመም አይለይም። እኔም በላሁ። እያየችኝ እስከ ጭራው ድረስ ጨረስኩት። በሕይወቴ እንደዚያ የከበደኝ ሥራ የለም። ስጨርስ «ጨው በዝቶበታል አይደል?» ብላ ጠየቀችኝ። «በዝቶበታል» አልኳት። እውነቱን ለመናገር በዝቶበት ይሁን አንሶት አላስተዋልኩም።

ክረምቱ ሲገባ፣ ዝናብ ከጠዋት ጀምሮ በዘነበበት ቀን ሞተች። እኔ አጥሚት እያማሰልኩ ነበር። ልጃችን ከመኝታ ቤት «አባዬ» ብላ ስትጠራኝ ከድምፅዋ ገባኝ። እሳቱን አጥፍቼ ገባሁ። ለምን ቀድሜ እሳቱን እንዳጠፋሁ አላውቅም።

እድሩ ድንኳን ተከለ፤ ሰው ጎረፈ። እቤታችን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ሳምንት ምግብ ተትረፍርፎ አያውቅም። ከአርባዋ በኋላ ሰው ሁሉ ወደየጉዳዩ ተመለሰ። ባልደረባዬ ደውሎ «ና ወጣ እንበል፣ አየር ትቀይራለህ» አለኝ፤ ጉልበቴን አሞኛል አልኩት። አንድ ቀን ብቻዬን ልሄድ ተነሥቼ ነበር። ቱሉ ዲምቱ ስደርስ መኪናውን ዳር አቁሜ ትንሽ ተቀመጥኩና በመጣሁበት ተመለስኩ።

ልጄ እሷ ጋ እንድገባ ትለምነኛለች፤ እንቢ ብያለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ከሥራ ስትወጣ መጣች።

«ምን በላህ ዛሬ?»

«በልቻለሁ።»

ፍሪጁን ከፈተችው። ከውኃ ጠርሙስ በቀር ምንም የለበትም፤ መልሳ ዘጋችው። ቦርሳዋን ወንበር ላይ አስቀምጣ እጅጌዋን ሰበሰበችና ሽሮ ለመሥራት ውኃ ጣደች። ሽሮው ሲደርስ ቴሌቪዥኑን ከፍተን፣ ድምፁን ቀንሰን፣ ከአንድ ትሪ በላን።