መሪው ላይ የታሰረው ጨርቅ

የተቃጠለ ዘይት ሽታ አፍንጫዬን ሲነካኝ፣ የትም ብሆን ሐሳቤ ቀጥ ብሎ ልደታ ይሄዳል፤ ወደ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር፣ ወደ ግቢያችን፣ ወደ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ። ያኔ አሥር ዓመት ቢሆነኝ ነው። አባቴ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር። ከአብዮቱ በፊት ዕቃውን ሸጦ አገሩ ሊገባ ከተነሣ ጣሊያን የገዛት ግራጫ ፊያት ነበረችው። ዘይቷን ለመቀየር ጋራዥ ወስዷት አያውቅም። «የሰው እጅ የለመደች መኪናና የሰው ቤት የለመደች ድመት አንድ ናቸው» ይል ነበር።

መኪና ማንሻ ክሪክ አልነበረንም። ከግቢው በር አጠገብ የክረምት ውሃ የሚወርድበት ቦይ ስለነበር፣ አባባ የፊያቷን ጎማዎች ከቦዩ ወዲህና ወዲያ አድርጎ ያቆማትና አሮጌ ካፖርቱን ለብሶ በጀርባው ቦዩ ውስጥ ይገባል። እኔ ከላይ ቁጢጥ ብዬ የጠራልኝን የመፍቻ ቁጥር አቀብላለሁ። ቡሎኑ ሲፈታ ዘይቱ እንደ ጥቁር ማር እየተጠቀለለ ሳፋው ውስጥ ይወርዳል። አባባ የመጨረሻዋ ጠብታ ካልወረደች ንቅንቅ አይልም። የተቃጠለውንም አይደፋውም፤ ጎረቤቱ ሁሉ ቆርቆሮውን ይዞ ይመጣል፣ አንዱ የአጥሩን እንጨት ቀብቶ ከምስጥ ሊያድንበት፣ ሌላው የሚንቋረር በሩን ዝም ሊያሰኝበት።

ቦዩ ላይ የቆመች መኪና ከላይ ሲያዩዋት ደህና የቆመች ነው የምትመስለው። ስለዚህ አባባ ዘይት ከማፍሰሱ በፊት ሁልጊዜ መሪው ላይ ጨርቅ ያስራል። ጨርቅ ካለ ሞተሩ ባዶ ነው፣ ማንም እንዳያስነሣው ማለት ነው። ይህን ሕግ እናቴም ጋሽ በቀለም ያውቁታል። ጋሽ በቀለ የግድግዳ ጎረቤታችን፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሾፌር ነበር። አባባ በሌለበት ሰው ከታመመ የኛን ፊያት የሚነዳት እሱ ነው፤ ቁልፏም ለዚሁ ሲባል ሳሎን ምስማር ላይ ተንጠልጥሎ ይውላል።

የዚያን ቅዳሜ ከእናቴ የጨርቅ ከረጢት የወጣው ነጭ ጨርቅ ነበር። አባባ ሳያስተውለው አሰረው። እኔ ግን ጫፉ ላይ ያለችውን ሰማያዊ ጥለት አወቅኋት። በዚያው ዓመት ያረፈችው አያቴ ልደታ ማርያምን ልትሳለም ስትሄድ የምትለብሳት ነጠላ ቁራጭ ነበረች። ቤተ ክርስቲያን የገባ ልብስ ቢያረጅ እንኳ መወልወያ አይደረግም ተብዬ ነው ያደግኩት። ነገር ግን አባትን ማረም የልጅ ወግ ስላልሆነ አልነገርኩትም።

የዘይት ማጣሪያው ፊልትሮ ተቀይሮ፣ ቡሎኑ ጠብቆ፣ የቀረው አዲሱን ዘይት መጨመር ብቻ ሲሆን የቀበሌው ዘበኛ በሩ ላይ ቆመ። አስቸኳይ ስብሰባ ነው፣ አባወራ ሁሉ አሁኑኑ ይምጣ ተብሏል። አባባ አምስት ደቂቃ ቢለምነው፣ «ጓድ፣ ስብሰባው ያንተን ዘይት አይጠብቅም፤ እኔንም አታስወቅሰኝ» አለው። አባባ እጁን እየጠራረገ ተከተለው። መኪናዋን እንድጠብቅ አዞኝ ነበር።

እሱ ከበር እንደወጣ ጨርቁን ፈታሁት። ሌላ አምጥቼ ላስር ነበር ሐሳቤ፤ እመቤቴ ምስክሬ ናት። ግን ጥለቷ ላይ የአባባ አውራ ጣት ጥቁር ሆኖ ታትሞባታል። ሳይደርቅ ካልታጠበ አይለቅም ብዬ ወደ ጓሮ ቧንቧ ሮጥኩ። በሳሙና እፈትጋለሁ፣ ጥቁሩ ይሳሳል እንጂ አይለቅም፣ እንደገና እፈትጋለሁ። ሌላውን ጨርቅ ጭራሽ ረሳሁት።

ከደጅ የሴቶች ድምፅ ሰማሁ። «ማርያም ማርያም» ይላሉ። እትዬ ወይንሸት ናት፤ ግቢያችን ውስጥ የምትኖር፣ ሦስት ጊዜ ፀንሳ አንድም ልጅ ያላቀፈች። ምጡ ቀኑ ሳይደርስ ነው የመጣባት። ወዲያው የፊያቷ ሞተር ሲነሣ ሰማሁ። እጄ ውስጥ ያለውን እርጥብ ጨርቅ አየሁ፤ እዚያው ጥዬው ሮጥኩ።

እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም፣ መኪናዋ ፊት ተገትሬ ራሴን አገኘሁት። ጋሽ በቀለ መሪውን ይዟል፣ እናቴ ከኋላ ወይንሸትን አቅፋለች።

«ዞር በይ አንቺ ልጅ! ሴትዮዋን ልትገድዪብን ነው?»

«ጋሼ፣ ዘይት የላትም። አባባ አፍስሶታል።»

ጋሽ በቀለ መሪውን አየ፣ እኔን አየ፣ ሞተሩን አጠፋ። የዘይቱን ቆርቆሮ ተሸክሜ አመጣሁለት። የዘይት ማንቆርቆሪያው የት እንዳለ ጠፋንና ጋዜጣ እንደ ቀንድ ጠቅልሎ የሞተሩ የዘይት መጨመሪያ አፍ ላይ ሰካው፤ ያዢ አለኝ። «ቀስ፤ ሞተሯ ይጠጣ እንጂ መሬት አይጠጣው» ይለኛል። ከኋላ የወይንሸት ጩኸት ይሰማል። ዘይት እንዴት ቀስ ብሎ እንደሚወርድ ያን ቀን ነው ያወቅኩት። መለኪያውን ዘንግ ስቦ አየና ገብቶ ነዳ።

ማታ ወይንሸት በሰላም መገላገሏ፣ ልጇም ሴት መሆኗ ተሰማ። ቤታችን በእልልታ ተሞላ። ያቺ መኪና ዘይት አጥታ ሞተሯ ነክሶ መንገድ ላይ ብትቆም ኖሮ እየተባለ፣ እኔን የማይስም የለም። አባባ ከስብሰባው ተመልሶ ሁሉን ከሰማ በኋላ ግን፣ ጨርቁን ሳላስር ሄጃለሁ ማለት ነው አለ። ጋሽ በቀለ ደግሞ የለም አስረሃል፣ በጥድፊያ ገፍቼ ጥዬው ይሆናል፣ እኔ ነኝ ያላየሁት ብሎ ተከራከረ። ሁለት ጎልማሶች የኔን ጥፋት ሲሻሙ፣ እኔ እናቴ የጠበሰችልኝን እንቁላል እበላ ነበር።

በማግስቱ እሑድ ልደታ ማርያም ልቆርብ ተሰልፌ ሳለ እግሬ አልራመድ አለኝ። ከሰልፉ ወጣሁ። ከቅዳሴ በኋላ አባባ ለምን አልቆረብሽም ሲለኝ ሁሉንም ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ነበር። የቤታችንን መንገድ ያዝን።

«ትናንት ግለ ሂስ አድርጉ፣ ጥፋታችሁን ራሳችሁ ተናገሩ ተብለን፣ ሰው ሁሉ ያላጠፋውን ጥፋት ሲፈልግ ዋለ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ይሄኛው ግን የራስሽ ነው። ሂጂና ለጋሽ በቀለ ንገሪው። ጨርቁን ያላየሁት ዓይኔ ደክሞ ነው እያለ ሲጨነቅ ነው ያደረው። የሾፌር እንጀራው ዓይኑ ነው።»

ጋሽ በቀለን ደጁ ላይ ጫማውን ሲቦርሽ አገኘሁት። አንገቴን ደፍቼ ተናገርኩ። ብሩሹን አስቀመጠ።

«እና መሪው ላይ ምንም አልነበረም?»

«ምንም አልነበረም፣ ጋሼ።»

ትንፋሹን ሲለቅ ሰማሁት። ከዚያ ፊቱን ኮስተር አደረገና፣ «ቢሆንስ? ሾፌር የሆነ ሰው ሳይለካ ሞተር ያስነሣል እንዴ? ነው ወይስ የኔን ጥፋት ልትወስጂብኝ ነው የመጣሽው?» አለኝ። ብሩሹን አንሥቶ መቦረሽ ቀጠለ፤ ግን ሲስቅ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አባባ የጨርቁን ሕግ ሻረው። ዘይት ጨማሪው ራሱ አይለካም ተባለ። አንዱ ይጨምራል፣ ሌላው ዘንጉን ስቦ ያያል፣ ሁለቱ ሳይስማሙ ሞተር አይነሣም። አባባ ሲጨምር ጋሽ በቀለ ያያል፤ ጋሽ በቀለ መስክ ከወጣ እኔ አያለሁ፤ እናቴ እንኳ አንድ ጊዜ ከወጥ ቤት ተጠርታ መነጽሯን አድርጋ አይታለች። በቀበሌ ሰው ከሰው በሚፈራራበት በዚያ ዘመን፣ በግቢያችን ውስጥ ሌላ ሰው ሥራህን እንዲያይልህ መጥራት ወግ ሆነ።

አሁን ያለሁት ኖርዌይ ነው፣ በረዶው ስድስት ወር በማይለቀው አንድ ትንሽ ከተማ። የመኪናዬን ዘይት ዛሬም ራሴ እቀይራለሁ፤ የሚያውቁኝ ይገረማሉ። እዚህ ክሪክ አለ፣ ማንቆርቆሪያም አለ፣ ዘይት ቢጎድል መኪናዋ ራሷ መብራት አብርታ ትናገራለች። ጎረቤቶቼ ደግ ሰዎች ናቸው፤ በአጥር ላይ ሰላም እንባባላለን። ግን ኑና ይህን እዩልኝ ብዬ ብጠራቸው የት እንዳመመኝ ነው የሚጠይቁኝ።

ዘንጉን እስባለሁ፣ እጠርጋለሁ፣ መልሼ ከትቼ እንደገና እስባለሁ። ልክ ነው። ተነሥቼ ትንሽ እቆምና ሁለተኛ እለካለሁ፣ በሌላ ሰው ፋንታ። አሁንም ልክ ነው። ከእግዚአብሔር በቀር ያየልኝ የለም፤ በስሙ አማትቤ አስነሣለሁ።