መርዶ ያረዳችው መኪናዬ

ወረታ ውስጥ መኪና ላይ ዋይፋይ የገጠምሁ የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ። ከኔ በፊት የገጠመ አለ የሚል ካለ ይምጣና እንከራከር፤ እስካሁን የመጣ የለም። የተማርሁት የቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ነው፤ የቀረውን ራሴን ራሴ አስተማርሁት። ሬዲዮ መጣ፣ ፈታሁት። ቴፕ መጣ፣ ፈታሁት። ሞባይል ሲመጣ ሌላው «ሃሎ! ሃሎ!» እያለ ሲጮህበት እኔ ሆዱን ከፍቼ አይቸው ነበር።

በስተርጅና አንዲት አሮጌ ሚኒባስ ይዤ ከወረታ ባሕር ዳር ሰው ማመላለስ ጀመርሁ። ጊዜው የአራቱ ፓርቲዎች ግንባር አገር የገዛባቸው የመጨረሻዎቹ ዓመታት ናቸው። ስልኩ በየሰው እጅ ገብቷል፤ ኢንተርኔቱ ግን ካርድ ይበላል፣ ሰውም ይሳሳለታል። በዚያ መንገድ የሚሠሩት መኪኖች ሁሉ ያው ነበሩ፤ ያው ዘፈን፣ ያው ላብ፣ ያው መደራረብ። የኔዋ ሌላ እንድትሆን ፈለግሁ።

ሲም ካርድ የምትገባባት ዶንግልና ኢንተርኔቱን ለስልኮች የምትበትን ትንሽ ራውተር ገዛሁ። የመጀመሪያዋን ራውተር ከባትሪው ጋር በቀጥታ አገናኘኋት፤ ሞተሩን ሳስነሣው ጢስ አወጣችና ሞተች። ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው ይተወው ነበር። እኔ መለኪያዬን ባትሪው ላይ ሰካሁና ገባኝ፤ መኪና ቆማ ያላት ኃይልና ሞተሯ ሲሠራ የምታወጣው ኃይል አንድ አይደለም። ከአሮጌ ቴፕ ውስጥ ኃይል የሚመጥን ዕቃ ነቅዬ በመካከሉ አስገባሁ። ሁለተኛዋ አልሞተችም። ወንበር ሥር ባስቀምጣት በሙቀት ስለምትታፈን ከፊት መስታወቱ በላይ አሰርኋት። ከሐሙሲት ወደ ጉማራ ወንዝ ሲወረድ ኔትወርኩ ይሞታል፤ ሜዳው ላይ ቶሎ እንዲመለስልኝ ከመዳብ ቱቦ አንቴና ሠርቼ ጣሪያው ላይ ተከልሁ። ማብሪያ ማጥፊያዋን ከመሪዬ ሥር ደበቅሁ። የይለፍ ቃሉን ደግሞ በፈረንጅ ፊደል «ባለሙያ እሱ ብቻ ነው» አልሁት። ኢንተርኔት የፈለገ ሁሉ በገዛ ጣቱ ሳያመሰግነኝ አይገባም።

አንዱ ጎረምሳ ጣሪያዬን አይቶ፣ «አያ፣ መኪናዎ ቀንድ አበቀለች እኮ! ከፎገራ ላም አዳቀሏት እንዴ?» አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ።

«አዎ፣ ግን ላንተ አትታለብም። ውረድ!» ብየ አወረድሁት። ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር።

ሌላው ከአዲስ አበባ ተዛውሮ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። «ይቺ ደግሞ ዋይፋይ ሆና! አዲስ አበባ እንዲህ ያለውን እንጥላለን» አለ። ሜዳው ላይ ከእጮኛው ጋር በስልኩ ፊት ለፊት እየተያየ ሲሽኮረመም ማጥፊያዋን ቀጭ አደረግኋት።

«ሃሎ! የኔ ቆንጆ? ሃሎ!»

«ጣላት እንግዲህ» አልሁት።

ዋይፋዬን ያከበረች አንዲት ሴት ነበረች። ባሕር ዳር መሥሪያ ቤት ትሠራለች፤ እናቷ ወረታ ናቸው፤ በየሳምንቱ መጨረሻ ልትጠይቃቸው ትመጣለች። ለእናቷ አንድ ልጅ ናት። የይለፍ ቃሉን ስነግራት እስክታነባ ሳቀችና፣ «ጋሼ፣ እውነትዎን ነው፤ እርስዎ ብቻ ነዎት» ብላ ጻፈችው። ስልክ ደግሞ አንድ ጊዜ የጻፉለትን የይለፍ ቃል አይረሳም።

አጎቷ የሩዝ ወፍጮ ያለው የሰፈራችን የዕድር ዳኛ ነው። እኩያዬ ነው፤ አንዋደድም። በሰው መካከል «ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሽቦ ሲልስ ኖረ» ብሎኛል። አንድ ቀን ጧት ደጄ ላይ መጥቶ ቆመ።

«እኅቴ ሌሊት አርፋለች። ከሌላ ሰው ሳትሰማ ባሕር ዳር ሄደን ልጅቱን እናምጣ። ሬዲዮ አትክፈት፣ ወሬ አታብዛ።»

«እግዜር ያጥናችሁ። ቀብሩ መቼ ነው?»

«ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት።»

«እንግዲያው ትደርሳለች።»

«አትደርስም። እኔ ቤት ትደርና ጎሕ ሲቀድ ትረዳለች። መርዶ በጧት ነው የሚነገር። አሁን ከሰማች ጉድጓድ ካልገባሁ ብላ ታሳፍረናለች።»

መርዶ በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሰውየው ምንም ሳያውቅ እንዲነገር ማድረግ ወጋችን ነው። ግን ወጉ ለሐዘንተኛው ታስቦ የወጣ ነው፤ ይህ ሰው የሚያስበው ለራሱ ፊት ነበር።

አንዲት አሮጊት ጎረቤታቸውን ይዘን ሄድን። ሴትዮዋ በዚያው ጧት ሬሳውን አጥበው የገነዙ ናቸው። ልጅቱ እንዳትጠረጥር ነጠላቸውን ከሐዘን አለባበስ ፈትተው ጥለቱን ወደ ታች አውርደው ለብሰዋል፤ ፊታቸውን ታጥበዋል።

ባሕር ዳር መሥሪያ ቤቷ በር ላይ ስንደርስ ልጅቱ እየሮጠች ወጣች። አጎትየው ፈገግ ብሎ ሳማት።

«እናትሽን ወገቧን አሟት ዋንዛዬ ፍል ውኃ ልንወስዳት ነው። ልጄ ካልመጣች አልሄድም ብላ አስቸገረችን። በይ ስልክሽን አንዴ ስጪኝ፣ የኔ ባትሪ ዘግቷል።»

ስልኩን ተቀብሎ ወደ አጥሩ ዞረ። በጥፍሩ ክዳኑን ፈልቅቆ ሲሟን አወጣና ኪሱ ከተታት። «ኔትወርክ የለውም» ብሎ መለሰላት። ለሱ ሲም የሌለው ስልክ የሞተ ስልክ ነው። ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ሐሙሲት ላይ ምሳ ካልበላን አለ። መርዶ የሚጠብቀው ሰው ከሰማ በኋላ እህል ስለማይቀምስ አስቀድሞ ይመገባል፤ እሱ ግን ሰዓቱን እያየ ነበር የሚያጎርሳት። «ብይ እንጂ፣ ቀጠንሽ እኮ!» ይላታል። ቀብሩ እንዲያልፍ ምሳውን ጎተተው። መኪናው ውስጥ እንደገባን ልጅቱ በመስኮቱ ከአዟሪ ሳሙናና ፎጣ ገዛች።

«ዋንዛዬ ስንሄድ ጀርባዋን የማጥባት እኔ ነኝ። እትዬ፣ ይቺኛዋ ሳሙና ትሻላለች ወይስ ያችኛዋ?»

አሮጊቷ እጆቻቸውን ነጠላቸው ውስጥ ደበቁ። አጎትየው ግን ሳሙናውን ተቀብሎ አሸተተና፣ «ይቺኛዋን። ሽታ ያላት ትወዳለች» አለ። በኋላ መመልከቻው መስታወት ሁሉንም አየሁ።

ከሐሙሲት እንደወጣን ልጅቱ ከኋላ ጠራችኝ።

«ጋሼ፣ ዋይፋይዎን አይከፍቱልኝም? ስልኬ ዛሬ እምቢ አለኝ። ለጓደኞቼ እንኳ ሳልናገር ነው የወጣሁ።»

ከኔ በፊት አጎትየው መለሰ። «ተይው ልጄ! የሱ ነገር ለጉራ ነው። ያ ጣሪያው ላይ የተከለው የልብስ ማስጫ ነው። አንድ ቀን ሠርቶለት አያውቅም።»

ምን እንደሚመጣ አውቅ ነበር። በዚያን ጊዜ የሞተ ሰው ከዕድር ጥሩምባ በፊት ፌስቡክ ላይ ይለፈፋል። ውሸቱ አንገሽግሾኛል፤ ስድቡም አቃጥሎኛል። እጄን ያነሣው የትኛው እንደሆነ አልመረምርም፤ እጄ ግን ተነሣ።

«ይሞከራ!» ብየ ቀጭ አደረግኋት። አረንጓዴዋ መብራት በራች።

በቁልቁለቱ ምንም አልመጣም። አጎትየው፣ «አላልሁሽም?» አላት። ጉማራን ተሻግረን የሩዙ ማሳ ግራና ቀኝ ሲዘረጋ ስልኳ ጢው አለ። ቀጥሎ ደጋገመ፤ ጢው፣ ጢው፣ ጢው።

«ይኸው ሠራ!» ብላ ሳቀች።

እኔ አጎትየውን አየሁት። ፊቱ እንደ አመድ ሆኗል። ከዚያ ሳቋ ቆመ።

«ጋሼ» አለችው አጎቷን፣ «እግዜር ያጥናሽ የሚሉኝ ለምንድን ነው?»

«ውሸት ነው! ፌስቡክ ያልሞተውን ሲገድል የሚውል ነው። ዝጊው!»

«ቀብር ዘጠኝ ሰዓት ይላል። ቤተ ክርስቲያኑንም ጽፈውታል።» ወደ አሮጊቷ ዞረች። «እትዬ፣ እናቴ ደኅና ናት? እጄን ይያዙና ይንገሩኝ።»

አሮጊቷ እጇን አልያዙም። በሁለት እጃቸው ጉንጫቸውን ነጭተው ጮኹ። ከዚያ ወዲያ የሚነገር ነገር አልቀረም።

አጎትየው ተስፈንጥሮ የአንቴናውን ሽቦ በጠሰው። «አንተ ከይሲ! አንተ ነህ!»

«ሠራ ወይስ አልሠራም?» አልሁት።

ልጅቱ አላለቀሰችም። ሰዓቷን አየች። «ጋሼ፣ ይንዱ» አለችኝ።

ነዳሁ። የፎገራ ከብቶች መንገዱን ሞልተውት ነበር፤ ጥሩምባዬን እየነፋሁ በመካከላቸው ሰነጠቅሁ። የደብረ ታቦር መገንጠያ ላይ ባጃጁና የጭነት መኪናው ተቆላልፎ ሲያቆመን አጎትየው ትከሻዬን ያዘ።

«ወደኔ ቤት ንዳ ብየሃለሁ! ዕድሩ ይፈርድብሃል!»

«መኪናዋ የኔ ናት። ካልተመቸህ ውረድና በባጃጅ ሂድ» አልሁት። አልወረደም።

ስንደርስ ፍትሐቱ አልቆ ሬሳው ወደ ጉድጓዱ እየተነሣ ነበር። ሰዉ ልጅቱን ሲያይ ለቅሶው እንደገና ፈነዳ። አጎትየው የፈራው አልሆነም። የሬሳውን አልጋ ጠርዝ ይዛ እስከ ጉድጓዱ አፍ ሄደች፤ አፈሩ እስኪመለስ ድረስ ቆማ አለቀሰች። ልግባ አላለችም። ማንንም አላሳፈረችም።

ሰው ሲበተን ወደ መኪናው መጣች። አጎቷ አጠገቤ ቆሞ ነበር። መዳፏን ዘረጋችለት።

«ሲሜን ይስጡኝ።»

ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት። ምስጋናዬን ልቀበል ቀና አልሁ። ወደኔ ዞረች።

«አንተም ታውቅ ነበር። ሳሙናዋን ስመርጥ በመስታወት ታየኝ ነበር።»

እስከዚያ ቀን አንተ ብላኝ አታውቅም።

«እኔ እኮ ነኝ የነገርሁሽ» አልኋት።

«አንተ አልነገርኸኝም። እናንተ ስትበሻሸቁ ነው የሰማሁት። ባሕር ዳር በር ላይ 'ሞታለች' ብትለኝ ምን ነበረበት? ከንፈሯን ስሜ እገንዛት ነበር።»

ገንዛ አትደርስም ነበር፤ አሮጊቷ ጧት ገንዘው ጨርሰዋል። ይህን ልነግራት አፌን ከፍቼ ተውሁት፤ ለሐዘንተኛ ሒሳብ አይሠራለትም።

ዕድሩ ተሰብስቦ መኪናዬ ሐዘንተኛ እንዳትጭን ወሰነ። ይወስን። ያንኑ ሳምንት ሽቦውን በተሻለ ሽቦ ተካሁት፤ ኔትወርኩ ከቀድሞው ፈጠነ። ወረታ ላይ ሰው መርዶ ሊያረዳ መኪና ሲይዝ «ዋይፋይ አላት?» ብሎ መጠየቅ የጀመረው ከኔ ወዲህ ነው፤ ይህንም ያስተማርኋቸው እኔ ነኝ። አጎትየው ያኔ የዘጋኝ እንደዘጋኝ ነው።

ልጅቱ ከዚያ በኋላ መኪናዬ ላይ አልወጣችም። መናኸሪያ ስታየኝ ፊቷን አዙራ ወደ ሌላው ትገባለች፤ እዚያ መኪና ላይ ዘፈንና ላብ እንጂ ሌላ ነገር እንደሌለ እያወቀች። ወዳጆቼ ሄደህ ይቅርታ ጠይቃት ይሉኛል። ለምኑ? አጎቷ እንዳሰበው ቢሆን ኖሮ በማግስቱ ሳሎኑ ውስጥ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ፣ ትናንት ስለተቀበረች እናት ታለቅስ ነበር። ያለቀሰችው ግን ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆማ ነው። ያን ያገኘችው በኔ ነው። ትጥላኝ፤ እናቷን ቀብራለች።