ደረጀ የገፋውና የሳበው

ደረጀ በሕይወቱ ብዙ ዋሽቷል፤ ጠጪ ሰው ሳይዋሽ አይውልም። ቤቱን ያፈረሰችው ግን አንዲት ቃል ናት፤ «ውስኪ» የምትል።

ዱባይ፣ አል ሪጋ ባለ አንድ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ዘጠኝ ዓመት አንሶላ ሲተኩስ የኖረ ሰው ነው። እሱ ያጠፈው አንሶላ እንደ ደብተር ቀጥ ይላል ይባልለት ነበር። ኮሮና መጥቶ ሆቴሉ ሲዘጋ፣ አል ቁሰይስ ከአምስት ሰዎች ጋር በሚጋራው ቤድ ስፔስ፣ አልጋ በአልጋ በሚከራይ ክፍል፣ አልጋው ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ በፊትም ይጠጣ ነበር፤ ሥራ ሲጠፋ ግን መጠጡ ራሱ ሥራ ሆነ። የሚጠጣውም፣ ነገሩን ሳናሳምር እንናገር ከተባለ፣ ሻርጃ ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ከአንድ ጋራዥ ጀርባ ሰዎች በድብቅ የሚያወጡትን አረቄ ነው። ከቤቱ በእግር ይደረሳል። አረቄው ማንም እንዳይጠረጥረው በውሃ ሃይላንድ ተሞልቶ ነው የሚሸጠው። ፖሊስ ቢያየው ውሃ ነው፤ ጎረቤት ቢያየውም ውሃ ነው።

ሚስቱ ዘነበወርቅ አጅማን ሰው ቤት ትሠራለች። ማዳሟ በሽታውን ፈርታ ከመጋቢት ጀምሮ ከበር እንዳትወጣ ስለከለከለቻት፣ ባልና ሚስት የሚገናኙት በስልክ ብቻ ነበር። አንድ ቀን ቁርጡን ነገረችው።

«ኮንትራቴ ነሐሴ ላይ ያልቃል። እስከዚያ ከተውክ አብረን አገራችን እንገባለን፣ ኑኑንም አብረን እናሳድጋለን። ካልተውክ ግን ሰካራም አስከትዬ ልጄ ፊት አልቆምም። ሁለት ዓመት እጨምራለሁ፤ አንተም እንደ ፍጥርጥርህ። ኸላስ፣ አበቃ!»

ኑኑ የሰባት ዓመት ልጃቸው ናት፤ ደብረ ብርሃን አክስቷ ዘንድ ነው ያለችው። እናቷን በአካል ለመጨረሻ ጊዜ ስታያት ሦስት ዓመቷ ነበር።

የሚረዳው ሰው ያፈላለገችለትም ራሷ ዘነበወርቅ ናት። ዮሐንስ ይባላል፤ ከቤተ ክርስቲያን የምታውቀው፣ ባንክ ውስጥ የኮምፒዩተር ሥራ የሚሠራ ወጣት። ሱስ ያለበት ሰው በኮምፒዩተር የሚለማመደው ነገር እንዳለ አንብቦ ነበርና፣ አሮጌ ላፕቶፑ ላይ ጭኖ ላከለት። ከዚያ ደወለ።

«ጋሽ ደረጀ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠጡት ምንድን ነው? ፎቶዎቹን የማስገባው እሱን አይቼ ነው።»

እውነቱ ደረጀ አፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ከረባት ለሚያስር የባንክ ልጅ «ከጋራዥ ጀርባ በሃይላንድ የምገዛው አረቄ ነው» ተብሎ እንዴት ይነገራል? ሰካራም መባሉ ሳያንስ!

«ውስኪ» አለ ኮራ ብሎ። «አልፎ አልፎ ደግሞ ቢራ።»

ልምምዱ ጠዋት ጠዋት ሩብ ሰዓት ነው። ስክሪኑ ላይ ፎቶ ብቅ ይላል። መጠጥ ከሆነ በማውሱ ይገፋዋል፤ ፎቶው እያነሰ፣ እየራቀ ይጠፋል። የማይጎዳ ነገር ከሆነ ወደ ራሱ ይስበዋል፤ እየቀረበ፣ እያደገ ስክሪኑን ይሞላል። እጅ ደጋግሞ የለመደውን ልብም ቀስ በቀስ ይለምደዋል ተብሎ ነው። ወደ ራስ የሚሳበው ጭማቂ፣ ሻይ፣ ከሁሉም አብዝቶ ደግሞ ውሃ ነበር። ውሃው በሃይላንድ ነው።

የውስኪውን ጠርሙስ መግፋት ለደረጀ ጨዋታ ሆነለት፤ ሆቴል ውስጥ ከሩቅ ሲያየው የኖረ እንጂ ቀምሶት አያውቅማ። ሃይላንዱ መጥቶ ሲስበው ግን፣ እያደገ ፊቱ ድረስ ሲመጣ፣ አፉ ምራቅ ሞላ። በሁለተኛው ሳምንት እጁ ከዓይኑ ቀድሞ ይስብ ጀመር።

«ከመቶ ዘጠና ስድስት! ጋሽ ደረጀ፣ ጎበዝ ነዎት!» አለ ዮሐንስ።

ዘነበወርቅ ውጤቱን ስትሰማ ማዳም እንዳትሰማት ወጥ ቤት ተደብቃ፣ ስልኩን አፏ ላይ ለጥፋ፣ በሹክሹክታ እልል አለች። ደረጀ ያን ቀን እውነቱን ሊነግራት ነበር። በሹክሹክታ እልል የምትል ሴት ምን ተብሎ ይነገራታል? አሁንም ነገሩን ሳስበው ያናድደኛል፤ ያሳዝነኛልም። ሰውዬው ጥርሱን ነክሶ ዐሥራ ስምንት ቀን አልጠጣም ነበር። በዐሥራ ዘጠነኛው ጠዋት ልምምዱን ጨርሶ፣ ላፕቶፑን ዘግቶ፣ ወደ ሻርጃ በእግሩ ሄደ። ልምምዱንም አልተወም፤ ጠዋት ይለማመዳል፣ ከዚያ ይጠጣል። ውጤቱ ግን አሁንም ያምር ነበር።

ነሐሴ ውስጥ ማዳም ለአንድ ሰዓት ፈቀደች። ደረጀ የተኮሰውን ሸሚዝ ለብሶ አጅማን ባሕር ዳር ቆመ። መንገድ ላይ ሁለቴ ተጎንጭቷል፤ ሃይላንዱ እጁ ላይ ነው። ዘነበወርቅ ከስታ መጣች። ግንቡ ላይ ራቅ ራቅ ብለው ተቀመጡ።

«ዘጠና ስምንት ደረሰ አለኝ ዮሐንስ» አለችው፤ ዓይኗ ከማስኩ በላይ ይስቃል። «ለኑኑም ነግሬያታለሁ፤ አባትሽን ይዤልሽ እመጣለሁ ብያታለሁ። ኧረ ይሄ ሙቀት! ውሃ ጠማኝ።»

ማስኳን ዝቅ አድርጋ ሃይላንዱን ከእጁ ወሰደችው። «ተይ» ማለት ነበረበት፤ ዓይኑን ወደ ባሕሩ መለሰ። ዘነበወርቅ ጎንጨት አድርጋ ጠጣች።

አልተፋችውም። ዋጠችው፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ክዳኑን አጥብቃ ዘጋችና ሃይላንዱን በመካከላቸው ግንቡ ላይ አስቀመጠችው።

«እኔ እኮ እልል ብያለሁ» አለች። ማስኳን መልሳ፣ ሰዓቷ ሳይሞላ ተነሥታ ሄደች። በሦስተኛው ቀን ለሁለት ዓመት ፈረመች።

ደረጀ ያኔ ለዮሐንስ ደውሎ ሁሉንም ነገረው፤ ጋራዡን፣ አረቄውን፣ ሃይላንዱን።

«ጋሽ ደረጀ» አለ ዮሐንስ፤ «ፎቶውን መቀየር እኮ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነበር።»