ጫማ ያስወለቀን የዶስ ጌም

ዛሬ ቡሬ ሱቄ በር ላይ ሦስት ጥንድ ጫማ ተደርድሮ ነበር። ሱቄ ደግሞ ጫማ ቤት አይደለም፣ ኮምፒውተርና ሞባይል ጥገና ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰሞኑን እዚሁ ፌስቡክ ላይ «ትምህርት ቤት እያለን በድሮው የዶስ ኮምፒውተር በምንጫወተው የእባብ ጌም ከክፍላችን እኔን የሚችል አልነበረም፣ አሁንም የለም» ብዬ ጽፌ ነበር። የክፍል ጓደኛዬ ይታይሽ አሁን ሽንዲ አስተማሪ ናት። ይህን አንብባ ዛሬ ጠዋት ልትገጥመኝ በሚኒባስ ከች አለች።

ጌሙን የከፈትኩበትን ያን የዶስ ጥቁር ስክሪን ገና ከበሩ ላይ ስታየው ጫማዋን አወለቀች። ሳታስበው ነው። ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ክፍል የምንገባው አቧራ እንዳናስገባ ጫማ አውልቀን ነበር። (አቧራው ቀርቶ የካልሲያችን ሽታ ኮምፒውተሮቹን አለመግደሉ አሁንም ይገርመኛል።)

ሳቅኩባት። ሁለት ዙር አከታትላ አሸነፈችኝ።

«አንተም አውልቅ፤ ምናልባት ጣትህ ይፍታታ ይሆናል» አለችኝ።

አውልቄ ከጫማዋ አጠገብ አስቀመጥኩ። ሦስተኛውን ዙር በላኋት።

አራተኛው ላይ እያለን ሞባይል ሊያሠሩ የመጡ አንድ አባት በሩ ላይ ያሉትን ጫማዎች አዩ። የራሳቸውንም አውልቀው፣ ጋቢያቸውን አስተካክለው ገቡ።

«ጸሎት ላይ ናችሁ ልጆቼ?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ይታይሽ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል «አዎ አባባ፣ ሊያልቅ ነው» አለች።

ሳቄ አመለጠኝ፤ እባቤም ከግድግዳ ጋር ተላተመ። ይህን ሽንፈት አልቆጥረውም።

እናንተስ ጫማ አውልቃችሁ ኮምፒውተር የተማራችሁት የት ነው? በእባብ የምትተማመኑ ካላችሁ ቡሬ ኑ። ካልሲያችሁን ግን አጥባችሁ።