ከበሩ በስተግራ ያለችው ሎሚ

ሐርጌሳ ሥራ የጀመርኩ ዕለት ግቢው ውስጥ የነበሩት እነዚህ ናቸው፦ የቤቱ ባለቤት እትዬ ሰህራ፣ የአባታቸው ወንድም አዴር ጃማ (አዴር በሶማሊኛ አጎት ነው)፣ የፈረሰውን አጥር የሚሠሩ ሁለት የወሎ ግንበኞች፣ በአህያ ጋሪ ውሃ ያመጣ ሰውዬ፣ አንዲት ፍየል፣ እኔና በጀርባዬ ያዘልኳት ልጄ ሕሊና። ሎሚዋንም ልቁጠራት፤ የተቀጠርኩት ለእሷ ነው።

ከሦስተኛ ክፍል አልዘለቅኩም። የአትክልት ሥራ የለመድኩት ድሬዳዋ፣ አንድ ችግኝ ጣቢያ ውስጥ በቀን ሠራተኛነት ነው። ካቦአችን «ቅጠል የሚታየው ከጀርባው ነው» ይሉን ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ የሎሚዋን ቅጠል ገለበጥኩ። ላዩ ጥቀርሻ የተቀባ ይመስላል። ከጀርባው ነጭ፣ ጥጥ የመሰለ ተባይ ተለጥፏል፤ ሲነኩት እንደ ማር እጅ ላይ ይጣበቃል። ግንዱ ላይ ጉንዳን ይወጣል፣ ይወርዳል።

«ትድናለች?» አሉኝ እትዬ ሰህራ። የተማሩት ድሬዳዋ ስለሆነ አማርኛቸው የዚያው ነው።

«አላውቅም እትዬ። ልሞክር።»

«ይቺ እንኳ መሞት የለባትም» አሉ። ከተማው በጦርነት ፈርሶ ሕዝቡ በተሰደደ ጊዜ ከእህታቸው ከፎዚያ ጋር መንገድ ላይ ተጠፋፍተዋል። ሲመለሱ ቤቱ ፈርሷል፣ ጎረቤቱ ተለውጧል፤ የቀረችው ከበሩ በስተግራ ያለችው ሎሚ ብቻ ናት። «ፎዚያ ብትመጣ ቤቱን በምን ታውቀዋለች? በአዲሱ ግንብ?»

በማግስቱ አዴር ጃማ በለስላሳ ጠርሙስ ነጭ ነገር ይዘው መጡ። የፍየል መዥገር ማጥፊያ ነው። እሳቸው ዕድሜያቸውን በሙሉ ከብትና ፍየል ሲነግዱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ አማርኛውንም የለቀሙት ጅጅጋ ገበያ ነው። በዚያ አገር ብዙ ሰው ለተባይ የሚያውቀው መድኃኒት ይኸው ነው፤ ቲማቲም ላይ ሲረጩትም አይቻለሁ።

«አዴር፣ ይህ ለዛፍ አይሆንም። እኔ በሳሙና ነው የማጥባት» አልኳቸው።

«ፍየሏን አጥቤባታለሁ። ሞተች?»

«አልሞተችም። ግን ፍየሏን እንደ ሎሚ ጨምቆ ሾርባ ላይ የሚያደርጋት የለም።»

ግንበኞቹ ሳቁ። «ምላስሽ ረጅም ነው» አሉ አዴር።

«የልጄ እጅ ይብሳል። የለስላሳ ጠርሙስ ደግሞ ታውቃለች።»

ዞረው አዩአት። ሕሊና ከዛፏ ሥር የወደቀ ቅጠል አንስታ ወደ አፏ እየወሰደች ነበር። ሮጬ አስጣልኳት። አዴር ጠርሙሱን ወስደው ቆለፉበት። ከዚያ ሂና የተቀባ ጢማቸውን ይዘው፣ «ዛፍ በሳሙና ከዳነ እኔም ጢሜን በሳሙና አጥቤ ጎረምሳ እሆናለሁ» አሉ።

እትዬ ሰህራ ፈረዱ። «እስከ ረመዳን ያንቺ ናት። ካልሆነ ለአዴር እሰጣታለሁ።» በረመዳን ጎረቤት ሁሉ ለሾርባው ሎሚ የሚጠይቀው ከዚህ ቤት ነው።

የደረቁትንና ግንቡን የሚነኩትን ቅርንጫፎች በመቀስ ቆረጥኩ። የልብስ ሳሙና ፈቅፍቄ በውሃ አሟሟሁ፣ በጨርቅ አጠለልኩ። ፈሪ ስለሆንኩ መጀመሪያ አንድ ቅርንጫፍ ላይ ብቻ ረጭቼ ቅጠሉ እንዳልተቃጠለ አየሁ። ከዚያ ፀሐይ ሳይበረታ የቅጠሉን ጀርባ ሁሉ ረጨሁ፤ ቆይቼ በንጹሕ ውሃ አጠብኩት። ጉንዳን ያንን ማር ሊልስ ተባዩን ከሚበሉት ስለሚጠብቀው፣ እንዳይወጣ ግንዱን በጨርቅ ጠምጥሜ ጨርቁን ግራሶ ቀባሁት፤ ግራሶ ልጡን መንካት የለበትም። ግንበኞቹንም ሲሚንቶውን ከወዲያ በኩል እንዲያቦኩ ለመንኳቸው፤ አቧራ የጠጣ ቅጠልን ተባይ ይወደዋል።

ተባዩ ቀነሰ፤ ደግሞ ተመለሰ። እንደገና አጠብኩ፤ እንደገና ተመለሰ። ረመዳን እየቀረበ ነው። ፎዚያን አይቻት አላውቅም፤ ግን መንገዱ ላይ ቆማ የማታውቃቸውን በሮች ስታይ ትታየኝ ነበር።

አንድ ጠዋት አዴር ጃማ ከዛፏ ሥር ሻይ እየጠጡ ጠሩኝ። «አንቺ የሳሙና ሐኪም፣ ነይ። ጉንዳኖችሽ ሸሚዜን ለብሰውታል።»

ቀና አልኩ። የልብስ ማስጫው ገመድ ከመስኮቱ ብረት ተነስቶ ቅርንጫፏ ላይ ታስሯል። ጉንዳኖቹ በገመዱ ይመጣሉ፣ በአዴር ሸሚዝ ትከሻ ላይ ያልፋሉ፣ ዛፏ ላይ ይገባሉ። ግንዱን ስጠብቅ እነሱ በላይ ይሄዱ ነበር።

«በሩን ስትዘጊባት ፍየል ዝም ብላ የምትቆም ይመስልሻል?» አሉ አዴር። «አጥሩን ትዞራለች። እኔ ፍየሏን ሳይሆን ቀዳዳውን ነው የምፈልገው።»

ገመዱን ፈታን፤ አዴር ራሳቸው ምሰሶ ተከሉለት። ዛፏን አንድ ጊዜ ደግሜ አጠብኩ። ጉንዳኑ ሲቀር ጥቁር ነጥብ ያለባቸው ቀያይ ጥንዚዛዎች መጡ። የቀረውን ተባይ እየበሉ ነውና እንዳይነኩ ለሁሉም ነገርኩ።

ረመዳን ሲገባ ሎሚዋ አዲስ ቅጠል አወጣች። ፍሬው ጥቂት ስለነበር ለየጎረቤቱ ግማሽ ግማሽ ደረሰው። አዴር ግማሻቸውን ሾርባው ላይ ጨምቀው በስሜ ጠሩኝና፣ «አልማዝ፣ ሳሙናውን አምጪው፤ ጢሜ ይታጠብ» አሉ።

ከዚያ በኋላ በሐርጌሳ ሰፈሮች፣ በኮድቡርና በአሕመድ ዳጋህ፣ ብዙ ግቢ ሠርቻለሁ። ቲማቲም ሲጠወልግ አምና በዚያው ቦታ ምን እንደነበረ እጠይቃለሁ። ሰርዶን ላዩን አላጭድም፤ ሥሩን ተከትዬ አወጣለሁ። ሕሊናንም በዚሁ ሥራ አሳደግኩ።

ለሥራው አዲስ ለሆናችሁ የምለው ይህን ነው፦ መድኃኒት ከመፈለጋችሁ በፊት ተባዩ የሚመጣበትን መንገድ ፈልጉ። መርዝ በመጠጥ ዕቃ አታስቀምጡ።

ፎዚያ እስካሁን አልመጣችም። እንደ እህቷ ድሬዳዋ ስለተማረች አማርኛ ታነባለች። ያያት ወይም ወሬዋን የሰማ ሰው ካለ ኮድቡር ለሚኖሩት ለእትዬ ሰህራ ይንገርልኝ። ግንቡም በሩም አዲስ ነው፤ ሎሚዋ ግን ከበሩ በስተግራ አለች።