ከፍ እያለ የሄደው የዳጣ መደርደሪያ

እናቴ ተበላ ከተማ አጠገብ ባለው የእንሰት ጓሮዋ ጭቃ አንሸራትቷት ወደቀችና የቀኝ ትከሻዋ አጥንት ተሰነጠቀ። ሶዶ እኔ ቤት አምጥቻት ክንዷ ታስሮ ከረመ። አጥንቱ ገጠመ። ክንዷ ግን ከደረቷ በላይ አልወጣም አለ።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ረጋ ያለ ሰው ነበር። «እማማ፣ ካላንቀሳቀሱት እንዲህ እንደሆነ ይቀራል» አላትና ለእኔ ለሴት ልጇ የመለማመጃ ዕቃዎች ሥዕል ያለበት ወረቀት ሰጠኝ። «መግዛት አያስፈልግም። ቤት ውስጥ ካለው ነገር መሥራት ይቻላል።»

ይህን ለእኔ መንገር አልነበረበትም። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ፋይል ሳወጣና ስመልስ እውላለሁ። ቤቴ ስገባ ግን መዶሻ ካልጨበጥኩ እጄን ይበላኛል። በዚያው ቀን ገበያ ወርጄ ናይለን ገመድና ያገለገለ የገመድ መዘውር፣ ፑሊ የሚሉትን ገዛሁ። ፑሊውን ግቢያችን ያለው የአቮካዶ ዛፍ ላይ ሰቅዬ በገመዱ ጫፍና ጫፍ የመጥረጊያ እንጨት ቆርጬ መያዣ አበጀሁለት። ግራ እጅ ወደ ታች ሲጎትት ቀኙ ወደ ላይ ይወጣል። በሥራዬ ኮራሁ።

እናቴ ዐሥር ጊዜ ያህል ሳበችና ቀና ብላ አየች።

«ውሃው የታለ?»

«ውሃ የለውም፣ እማ። ስፖርት ነው።»

«ታዲያ ምን ይወጣል?»

«ክንድሽ ይወጣላ!»

(የምናወራው በወላይትኛ ነው። እዚህ የጻፍኩት አማርኛ የእኔ ነው፤ ቁጣው ግን የሁለታችንም ነው።)

በማግስቱ ከቢሮ ስመለስ ከገመዱ አንዱ ጫፍ ላይ ለበዓል የገዛነው በግ ታስሯል። ገመድ ሥራ ፈቶ ከሚውል ብላ ነው። እሷ በሌላው ጫፍ መያዣውን ይዛ ልምምዷን ትሠራለች፤ በጉ ሣሩን ይግጣል። የአጥራችንን በር ስከፍት በጉ ደነገጠና ፈረጠጠ። የእናቴ ክንድ ከወደቀች ወዲህ ወጥቶ የማያውቅበት ቦታ ድረስ ወጣ። ጮኸች፣ መያዣውን ለቀቀች፣ መያዣው ተፈናጥሮ ቅርንጫፉ ላይ ተንጠለጠለ። ሳምንት ሙሉ ትከሻዋን ስታሽ ከረመች። በጉን ግን አንድም ክፉ ቃል አልተናገረችውም፤ የሰደበችው እኔን ነው።

ቀጥዬ ካልሲ ውስጥ ቦሎቄ ሞልቼ ክብደት ሠራሁላት። በነጋታው ምሳ ላይ ስገባ ካልሲው ታጥቦ ገመድ ላይ ተሰጥቷል፤ ቦሎቄው ተቀቅሏል። መሣሪያዬን በዳጣ፣ በሚያቃጥለው የአገራችን የበርበሬ ድልህ በላሁት። እውነቱን ለመናገር ይጣፍጥ ነበር። ከዚያ ጣቶቿ ደረጃ በደረጃ እንዲወጡበት ግድግዳው ላይ በከሰል መስመር አሰመርኩ። እንግዳ ሲመጣ ምን ይለናል ብላ በግራ እጇ ፈግፍጋ አጠበችው።

ያን ቀን ትዕግሥቴ አለቀ። «ክንድሽ እንዲደርቅ ነው የምትፈልጊው?» ብዬ ጮህኩባት።

«ሥራ ስጪኝ፣ እሠራለሁ» አለች። «ለምንም ለማይሆን ነገር እጄን አላነሳም።» ከዚያ ድምፅዋ ወረደ። «እንሰት በአንድ እጅ አይፋቅም። በዚህ እጅ ቤቴ ብገባ የሰው እጅ ጠባቂ ነኝ። እዚህ ብቀርም ያው ነኝ።»

እናቴ የማንንም እጅ ጠብቃ የማታውቅ ሴት ናት። ልፋ ያለው በሕልሙ ዳውላ ይሸከማል ይባላል። እሷ ደግሞ ዕድሜ ልኳን በውኗ ተሸክማ ኖራ፣ የትም የማይደርስ ሸክም ተሸከሚ ስትባል ቢያናድዳት ምን ይገርማል?

ያለ ዳጣ እህል አይወርድላትም። የዳጣው ማሰሮ ሆደ ሰፊ ነው፤ ጆሮ ስለሌለው በሁለት እጅ ካልታቀፈ አይነሳም። ምሳ ላይ ከወለሉ በሁለት እጇ አቅፋ ስታነሳው አየሁና አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ።

ሁለት ሞራሌ እንጨት ጓዳው ግድግዳ ላይ አቆምኩ። እያንዳንዱን በሁለት ሁለት ጣት ርቀት ዐሥራ ሁለት ቦታ በሳሁትና የአሮጌ አልጋ ጣውላ በብሎን አጋደምኩበት። ጣቴን በመዶሻ ሁለቴ መታሁ። መደርደሪያው ደረቷ ትክክል ላይ ነበር። ማሰሮውን አስቀመጥኩበት። «ጉንዳን እንዳይገባበት ነው» አልኳት።

እሑድ እሑድ እሷ አምልኮ ስትሄድ እኔ ጉንፋን ይይዘኛል። የልብስ ሳጥኗ ላይ ቆሜ ብሎኑን ፈትቼ ጣውላውን አንድ ቀዳዳ ከፍ አደርግና አልጋዬ ውስጥ እገባለሁ። የቤተ ክርስቲያኗ ወንጌላዊ ስለ ጉንፋኔ እንዲጸልይልኝ በእናቴ በኩል ጠይቄ ነበር፤ በዚህ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

በአራተኛው ሳምንት ማሰሮውን እያወረደች ቆም አለች።

«ይሄ ወለል እየሰመጠ ነው እንዴ?»

«ዝናቡ ነው» አልኩ። «አፈሩ ይወርዳል።»

በስድስተኛው ሳምንት ሐሳቧን ለወጠች፤ እያጠረች መሆኗን ለጎረቤታችን ለልብስ ሰፊዋ ነገረቻት። ሴትዮዋ ሜትሯን ይዛ መጥታ ለካቻት፤ ግን ከዚያ በፊት ለክታት ስለማታውቅ ልኬቱ ለማንም አልጠቀመም። ወለሉ ሳይሰምጥ አይቀርም የሚለውን ስትሰማ ግን የራሷን ቤት ልትለካ ሮጠች። እኔ ትራሴን ነክሼ ሳቅሁ።

ክንዱ ግን ይወጣ ነበር። አገጯ ደረሰ፣ ግንባሯን አለፈ። አንድ ጠዋት ሻሿን ያለ እኔ እርዳታ አሰረች። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ጣውላው የመጨረሻው ቀዳዳ ላይ በደረሰበት ሳምንት ባለሙያው ዘንድ ስንሄድ ሁለቱን እጆቿን ከራሷ በላይ አንስታ አሳየችው።

«በምን ስትሠሩ ነበር?» አለኝ ተገርሞ።

«በዳጣ።»

ትንሽ አሰበና ካርዷ ላይ ጻፈው።

በነጋታው እናቴ ዕቃዋን ሸክፋ የተበላ ሚኒባስ ላይ ተሳፈረች። ይህን ያህል ለፍቼ ያገኘሁት መሄዷን መሆኑን ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት። «ቆዪ» ማለት አቃተኝ፤ እንሰቷ ይጠብቃታል። «በደንብ ብዪ» ብላኝ ሄደች።

ምሳ ሰዓት ላይ የቦዬ ሥር ቀቅዬ ዳጣውን ላወርድ ስንጠራራ ጣቴ የማሰሮውን ቂጥ ብቻ ነካ። የምቆምበት ሳጥን አብሯት ሄዷል። እናቴ ከእኔ ትረዝማለች። በራሴ ቤት፣ በራሴ መደርደሪያ፣ በራሴ ዳጣ ተቀጣሁ። ደወልኩላት።

«እማ፣ ዳጣውን ልደርስበት አልቻልኩም።»

«መቀመጫ ዱካው ላይ ውጪበታ። ምድጃው አጠገብ አለ።»

ዞር ብዬ አየሁ። እውነትም አለ። ሦስት ወር ሙሉ እዚያው ነበር።

«አንቺ ለምን አልወጣሽበትም?»

«ጣትሽን ቀጥቅጠሽ የሠራሽውን እንዴት በዱካ ልለፈው?»

«ወለሉ ሰመጠ ያልሽው? አጠርኩ ያልሽውስ?»

«ሳቅሽን ስሰማ ደስ ይለኝ ነበር» አለች። «ደግሞ ቀዳዳውን እቆጥር ነበር። ቀዳዳው ሲያልቅ ሂጂ ማለቷ ነው ብዬ ነው የያዝኩት። ሁለት ሦስት ብትጨምሪበት እቆይ ነበር።»

ቀና ብዬ አየሁ። ከመጨረሻው ቀዳዳ በላይ ሞራሌው እስከ ጣሪያው ድረስ ያልተበሳ ነበር።